ቫይታሚን የዋጥኩባቸው ወራት

ባለቤቴ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበረች። ጠዋት ሰደርያዋን ደርባ፣ ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ትወጣና ከገርጂ እስከ ቦሌ ሚካኤል ባሉት መንደሮች የሰው በር ስታንኳኳ ትውላለች። እኔ ደግሞ ገርጂ ውስጥ ባለ አንድ ጋራዥ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ጊዜው ከተማው ሁሉ የሚቆፈርበት ጊዜ ነው። ከመገናኛ ወደ አያት የሚወስደው መንገድ መሐሉ ለባቡር ሐዲድ ተሰንጥቆ ነበር፤ ግራና ቀኙን ደግሞ በየወሩ አዲስ ፎቅ ይበቅልበታል። መኪና የሚገዛው ሰው በዝቶ ስለነበር እኛ ጋ ሥራ ሞልቷል። አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ በወሩ ጎኑን አስገጭቶ ይመጣ ነበር።

የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕጣው የወጣው በእሷ ስም ነው፣ ከመጋባታችን በፊት። ቁልፉን ስንረከብ ግድግዳው ልስን ብቻ፣ ወለሉም ጥሬ ሲሚንቶ ስለነበር እሁድ እሁድ እየመጣሁ እኔው ቀባሁት። ትንሿን መኝታ ቤት ፈዛዛ ቢጫ ያደረግኋት ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን አልተነጋገርንበትም።

አራት ዓመት ሞላን። ልጅ አልመጣም።

እናቴን እኛ ልጆቿ አዮ ነው የምንላት። የምትኖረው ቦሌ ቡልቡላ ነው። ድሮ ጤፍና ሽምብራ የምናበቅልበት መሬት አብዛኛው ኮንዶሚኒየም ሆኖ፣ ለእሷ ቤቷና ጓሮዋ፣ አንዲት ላምም ተርፈውላታል። በመጀመሪያው ዓመት ምንም አላለችም። በሁለተኛው «ምን ትጠብቃላችሁ?» ማለት ጀመረች። በሦስተኛው መጠየቁን ተወችና፣ ሚስቴ ከበር ስትገባ ከሰላምታው በፊት ወገቧን ማየት ያዘች። ሚስቴ ያንን እይታ ታውቀዋለች። ሁልጊዜ ለሰላምታ ቶሎ ብላ ጎንበስ የምትለው ለዚያ ይመስለኛል።

ሐኪም ዘንድ መጀመሪያ የሄደችው እሷ ናት። ደም ሰጠች፣ አልትራሳውንድ ተነሳች፣ ያዘዙላትን ሁሉ አደረገች። ጤነኛ ነሽ አሏት። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች ፊቷን ሳታዞር፣

«ዶክተሩ አንተንም ማየት ይፈልጋል» አለችኝ።

«እኔ ምን ሆኜ?» አልኳት።

የሸሚዜን እጅጌ ዘርግታ መቆንጠጫውን አደረገችበት። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ያህል ሥራ በዝቶብኛል እያልኩ አሳለፍኩ። ሥራ በእርግጥ በዝቶ ነበር። ግን ነገሩ እሱ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ምሳ ስንበላ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ «ብቻዬን መሄድ ደከመኝ» አለች። ይህችን ብቻ። ሰኞ ዕለት አብረን ሄድን።

ሐኪሙ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ክሊኒካቸው ቦሌ መንገድ ላይ፣ ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ነው። ሥራዬን ጠየቁኝ። ሲጋራ ታጨሳለህ ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኩ። ጫትስ? ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር።

«ቀለም ስትረጭ ማስክ ታደርጋለህ?»

«ጨርቅ እጠመጥማለሁ።»

ጻፉት። ከዚያ የዘር ናሙና የምሰጥባት አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ሰጥተው ወደ ላቦራቶሪ ላኩኝ።

የክሊኒኩ ሽንት ቤት በሩ በደንብ አይዘጋም፤ ውጭ ወረፋ የያዘ ሰው ያስላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ባዶ ኩባያ ይዤ ወጣሁ። የላቦራቶሪዋ ሴት ቀና እንኳ ሳትል፣ ለሌላ ሰው የምትናገር ይመስል፣ «ከቤት ይዘኸው መምጣት ትችላለህ። ግን ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። እንዳይቀዘቅዝ ከሰውነትህ አስጠግተህ ያዘው» አለች። ያን ጊዜ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው ያቺ ሴት ቀና ያላለችው አዝናልኝ ነው።

ከሰሚት ቦሌ መንገድ በአንድ ሰዓት መድረስ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ኩባያዋን በንጹሕ ፎጣ ጠቀለለችና ሹራቧ ውስጥ፣ ደረቷ ላይ ሸጉጣ፣ ነጠላዋን ደረበች፤ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። እኔ ከኋላዋ ያገኘሁት ወንበር ላይ ሆኜ ሰዓቴን አያለሁ። ሲኤምሲ ስንደርስ መንገዱ ቆመ። ከፊታችን አንድ ኤክስካቫተር መንገዱን ዘግቶ አፈር ይዝቃል፤ ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ወረደ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ባለቤቴ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ትከሻዋን ሰብስባ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት እናት ቆይተው አዩዋት።

«ሆድሽን አመመሽ እንዴ የኔ ልጅ?»

«አይ፣ ደህና ነኝ እማማ። ትንሽ በርዶኝ ነው።»

«በረደሽ? በዚህ ፀሐይ? እንግዲያው ወባ እንዳይሆን» አሉና መዳፋቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉ።

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ከንፈሯን ነክሳለች፤ ግን ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔም አልቻልኩም። ስንት ወር ሙሉ ያልሳቅነውን ሳቅ እዚያ ሚኒባስ ውስጥ፣ እንባችን እስኪወርድ ሳቅነው። እኚያ እናት ተቀይመው ወደ ሌላ ወገን ዞሩ። ሲኤምሲ ላይ ወርደን ተቆፍሮ የተዘጋውን በእግራችን አለፍን፤ ከዚያ ላዳ ተኮናትረን፣ እሷ በሁለት እጇ ደረቷን ደግፋ፣ አንድ ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ ሲቀረው ደረስን።

ውጤቱን የሰማነው በሦስተኛው ቀን ነው። ዶክተሩ ወረቀቱን ወደ እኛ አዙረው፣ «ቁጥሩ ከሚጠበቀው በታች ነው» አሉ። «ካሉትም ብዙዎቹ ደካሞች ናቸው። ወደ ፊት አይሄዱም።»

እኔ ወረቀቱን አያለሁ እንጂ የተጻፈው አይታየኝም። ጥያቄዎቹን ሁሉ የጠየቀችው እሷ ናት። ምክንያቱ ምንድን ነው፣ ይድናል ወይ፣ ምን እናድርግ። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩና እንዲህ አሉኝ፤

«አንተ ዝገት ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ ዶክተር።»

«አየር ብረትን እንደሚበላው፣ ሰውነታችን ውስጥም የሚመሳሰል ነገር አለ። የወንድ ዘር ስስ ስለሆነ ቶሎ ይጎዳል። ሲጋራ፣ የቀለም ጭስ፣ ቲነር፣ ብዙ ሙቀት ያባብሱታል። አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት ቫይታሚኖች፣ ሲ እና ኢ፣ ያንን ጉዳት ይቀንሳሉ ብለን እንሰጣለን።»

«ያድኑታል ማለት ነው?» አለች ባለቤቴ።

«አልዋሽሽም። አንዳንዱን ይረዱታል፤ አንዳንዱን ምንም አያደርጉለትም። ቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ወር ሳያቋርጥ ይውሰድ፣ ከዚያ እንደገና እናያለን። ሲጋራውን ግን ዛሬውኑ ያቆማል። ጫቱንም። ከቀለሙ መራቅ ከቻለ ይራቅ። ምግብ ላይ ቅጠላ ቅጠልና ፍራፍሬ ጨምሩ።» ከመነሳታችን በፊትም፣ «ይህ ወንድነትህን የሚነካ ነገር አይደለም» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አላመንኳቸውም።

ውጭ የጫማ መደብሩ መስታወት ፊት ቆምን። «ይቅርታ» አልኳት።

«ምን አድርገህ?»

«አራት ዓመት ሙሉ አንቺ...»

«አሁን አወቅን። ማወቅ ይሻላል» አለችና ኪሴ ውስጥ እጇን አስገብታ የሲጋራ ፓኬቴን አወጣች። ጥቂት ሄደን አንድ የቆሻሻ በርሜል አጠገብ ስንደርስ ጣለችው። ከዚያ፣ «ለእናትህ መንገር የለብንም። እኔ ለምጄዋለሁ» አለች።

ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ያኔ ያልኩት ሳይሆን ያላልኩት ነው። ዝም አልኩ። ዝምታዬ እሺ ማለት ነበር።

ቫይታሚን ሲዋ ብርቱካንማ ናት፤ ትታኘካለች፣ ታኮመጥጣለች። ቫይታሚን ኢው ደግሞ የማር ጠብታ የመሰለ፣ ለስላሳ፣ ወደ ብርሃን ሲያዩት የሚያስተላልፍ ነው። ሁለቱንም ከምግብ ጋር ነው የታዘዝኩት። ቁርስ የመብላት ልማድ ስላልነበረኝ ጋራዥ ይዣቸው ሄጄ በምሳ ሰዓት እወስዳቸው ጀመር። ሰው እንዳያነብብኝ የጠርሙሶቹን ወረቀት ላጥኩት።

ባለቤቴ የምግቡን ነገር ከሐኪሙ ቃል በላይ አደረገችው። ጎመን፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ የተቆላ ኦቾሎኒ። ሥጋ ለምዶ ያደገ አፌ ግራ ተጋባ። ቆጣሪ ከምታነብባቸው ቤቶች አንዱ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ፣ የአንዲት ጡረተኛ ቪላ ነው፤ ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ የዘይቱን ዛፍ አለ። ከደንበኛ ምንም ነገር አትጠይቅም ነበር፤ ውሃ እንኳ ከራሷ ኮዳ ነው የምትጠጣው። በዚያ ዓመት ግን፣ «እማማ፣ ከዘይቱንዎ ትንሽ ይሰጡኛል?» አለቻቸው። ሴትየዋም ዛፉን አርግፈው የደብተር ቦርሳዋን ሞሉላት። ከዚያ ወዲህ ስትሄድ ለቅመው ይጠብቋታል። ቤታችን የዘይቱን ሽታ ያዘ። ማታ ስገባ ታጥቦ በሳህን ተቀምጦልኝ አገኘዋለሁ። ስበላ ፊቴን አታይም፤ ብቻ ሳህኑ ባዶ ሲሆን ታነሳዋለች።

አንድ ወር ካለፈ በኋላ ሞኝነት ሠራሁ። አንዱ ከጠቀመ ሦስቱ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ ሦስት ሦስት መዋጥ ጀመርኩ። ሆዴ ተበጠበጠ፣ ጠርሙሱም ያለ ጊዜው አለቀ። ባለቤቴ ባዶውን አንስታ ነቀነቀችውና ምን ሆኖ እንዳለቀ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ለዶክተሩ ደወለችላቸው። ስልኩ ውስጥ ድምፃቸው ለእኔም ይሰማል፤ «ንገሪው፣ ከታዘዘው በላይ ሲሆን ራሱ ጉዳት ነው። ቸኩሎ የሚመጣ ነገር የለም» ይላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የየቀኑን ራሷ በወረቀት እየጠቀለለች ኪሴ ውስጥ ታስገባልኝ ጀመር።

አዮ ሚስቴን ጠበል የወሰደቻት በጥር ብርድ ነው። ውጤቱን ካወቅን ሁለት ወር አልፎናል። «ሰባት ጠዋት ብቻ» ብላ ለመነቻት። አትሂጂ ልላት አፌን ስከፍት፣ ባለቤቴ በዓይኗ አስቆመችኝ። «እናትህ ደስ ይበላት። እኔም መጸለይ አልጠላም» አለችኝ በኋላ። ሰባቱን ቀን ሳይነጋ ተነስታ ሄደች። ፀጉሯ እርጥብ እንደሆነ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ከጠበል ቀጥታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። አምስተኛው ቀን ላይ ሳል ያዛት። እኔ ትኩስ ሻይ አፈላላት ነበር። ያደረግሁት እሱን ብቻ ነው።

ጋራዡ ውስጥ ላሜራ የሚያቃና፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ባልደረባ አብሮኝ ይሠራ ነበር። ሃምሳውን ያለፈ፣ አምስት ልጆች ያሳደገ፣ መዶሻው ካልሆነ በቀር ድምፅ የማያሰማ ሰው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት፣ ሌሎቹ ሊበሉ ሲወጡ፣ ከተነሳ የመኪና በር ጀርባ ቁጭ ብዬ ከወረቀቷ አውጥቼ ስውጥ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልበልህ። ካጠፋሁ ይቅር በለኝ።»

«ይበሉ ጋሼ።»

«በየቀኑ ተደብቀህ ስትውጥ አይቻለሁ። የጠርሙሱን ጽሑፍ መላጥህንም አይቻለሁ። እህቴ መውሰድ ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው። ዛሬ ከእኔ ትበረታለች፣ ሥራዋን ትሠራለች፣ ሰርግ ትጨፍራለች። መድኃኒቱ አይጎዳህም። የሚጎዳህ መደበቁ ነው። እኔ እያለሁ እዚህ ግቢ ውስጥ ማንም ቀና ብሎ አያይህም።»

የሚለው እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት መስሎታል። ልስቅም ላለቅስም ፈለግሁ።

«ጋሼ፣ እሱ አይደለም።»

«ቢሆንም ባይሆንም ለእኔ ያው ነህ።»

«ቫይታሚን ነው።»

አላመነኝም። «ቫይታሚን ሰው ይደብቃል?» አለ ቀስ ብሎ።

ምርጫ አልነበረኝም። «ልጅ አልወለድንም» አልኩት። «ምክንያቱ እኔ ነኝ።»

እነዚያን ቃላት ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሼ ጥቁር መዳፉን አሻሸ። ከዚያ፣

«ሚስትህ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«እናትህስ?»

«አታውቅም።»

«ታዲያ እናትህ ችግሩ የማን ነው ብላ ነው የምታስበው?»

ባዶዋን ወረቀት አጣጠፍኩ። እሱም አልገፋበትም። ተነስቶ አቧራውን አራገፈና፣ «ቀለሙ ነው?» አለኝ። ሊሆን ይችላል ይላሉ አልኩት። ከሰዓት በኋላ የጋራዡ ባለቤት ዘንድ ቀርቦ የእኔ ደረት ለጭስ አልተስማማም፣ ለጥቂት ወራት ስቱኮና ብርጭቆ ወረቀት ላይ ይሥራ ብሎ ለመነልኝ። በሳምንቱ ደግሞ ሁለት ማጣሪያ ያለው እውነተኛ ማስክ አምጥቶ መሣሪያ ሣጥኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው፣ «አድርገው እንጂ» ብቻ ነው ያለኝ።

ጥያቄው ግን ከውስጤ አልወጣም።

ሚያዝያ ላይ የታናሽ ወንድሜ ልጅ ክርስትና ተነሳ። ድግሱ ቡልቡላ፣ አዮ ግቢ ነው። ሚስቴ ገና ስንደርስ ነጠላዋን አስቀምጣ ወጥ ቤት ገባች። አዮ እኔን ጠርታ ወደ ጓሮ፣ ላሟ ወደታሰረችበት ወሰደችኝ። ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው የምታወራው፤ ያኔ ግን ድምፅዋን በጣም ዝቅ አደረገች።

«ያቺ ልጅ መልካም ናት። ክፉ አይወጣኝም» አለች። «ግን አንተ የመጀመሪያ ልጄ ነህ። ዕድሜህ እየሄደ ነው። ከሌላ ብትወልድ፣ እሷን ሳትፈታ፣ ማን ይፈርድብሃል? እኔ አሳድግልሃለሁ።»

ላሟ ታመነዥካለች። ከድንኳኑ የሰው ሳቅ ይሰማል። «አዮ፣ እሷ ጤነኛ ናት። ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው» አልኳት።

«ማን አለ?»

«ሐኪም። ተመርምሬ ነው።»

«አንተማ ምንም አልሆንክም።»

«ሆኛለሁ አዮ። መድኃኒት እየወሰድኩ ነው።»

ገለባ የምታስቀምጥበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ግን ስትናገር ድምፅዋ ደረቅ ነው።

«ጠበል ስወስዳት እሷ ይህንን ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

«አንተስ?»

«እኔም።»

«በዚያ ብርድ ውሃ ሥር ስትቆም፣ የእኔን ልጅ ጥፋት ተሸክማ ስትንቀጠቀጥ፣ አንተ ዝም ብለህ አየሃት?»

አዮ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ትታኝ ሄደች። ተከትያት የወጥ ቤቱ በር ላይ ስደርስ፣ ሚስቴ አጎንብሳ ሽንኩርት ትከትፋለች። አዮ ቢላውን ከእጇ ወሰደችባት። «ተነሽ፣ አንቺ ዛሬ አትሠሪም» አለቻትና እጇን ይዛ ድንኳኑ ውስጥ፣ ትልልቆቹ ሴቶች ከሚቀመጡበት፣ ከራሷ ጎን አስቀመጠቻት። ሙሉ ቀን ከአጠገቧ አላስነሳቻትም። ራሷ እያጎረሰቻት ዋለች። ይቅርታ የሚለው ቃል አልወጣትም፤ ግን በየመሐሉ የሚስቴን ሹሩባ በመዳፏ ታስተካክላለች፤ ከዚያ በፊት አድርጋው አታውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ «ነገርካት?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ተቆጣችኝ።»

«ጥሩ አድርጋለች» አለች፤ እጄን ግን ይዛ እስከ ሰሚት አልለቀቀችውም።

ሁለተኛው ምርመራ ከዚያ ሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ቁጥሩ ከፍ ብሏል፤ የሚንቀሳቀሱትም በዝተዋል። ዶክተሩ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው ፈገግ አሉ። «የቫይታሚኑ ነው ብዬ አልምልልህም» አሉ። «ሲጋራውን ትተሃል፣ ከቀለሙ ርቀሃል፣ ጎመን በልተሃል። የሁሉም ሊሆን ይችላል። የጠቀመህን አንዱን ለይቼ ማሳየት አልችልም። ብቻ ቀጥል።»

ቀጠልኩ። በጥቅምት ባለቤቴ አረገዘች። በአሥረኛው ሳምንት ግን ፅንሱ ወረደ።

ስለዚያ ሳምንት ብዙ አልጽፍም። አዮ መጥታ አብራን ሰነበተች፤ የምትሠራው ነገር ስታጣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እስከ ምድር ቤት ድረስ ትጠርገው ነበር። ሚስቴ በስምንተኛው ቀን ሥራ እገባለሁ አለች። ተይ ብላትም እንቢ አለች። ስለዚህ ከጋራዥ ፈቃድ ጠይቄ አብሬያት ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት አብረን ዞርን። የቆጣሪዎቹን የብረት ክዳን እኔ እያነሳሁ፣ መስታወቱን እየጠረግሁ፣ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሷ ትጽፋለች። አንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሸረሪት፣ አንዳንዱ ውስጥ እንቁራሪት አለ። ስንት ዓመት እነዚያን ከባድ ክዳኖች ብቻዋን ስታነሳ እንደኖረች ያን ቀን ነው ያየሁት። አንዷ ክዳን ጋ ስንደርስ ደብተሯን ዘግታ እዚያው ጠርዙ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት በር ከፍታ አየችንና መልሳ ቀስ ብላ ዘጋችው። ከዚያ ባለቤቴ ፊቷን በሰደርያዋ ጠርጋ፣ «ቁጥሩን ድገምልኝ» አለች።

የዘይቱኗ እመቤት ቤት ስንደርስ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ዘይቱኔን የጨረስከው አንተ ነህ?» አሉኝ። አዎ እማማ አልኳቸው። የሚስቴን ፊት አይተው ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ ወንበር አውጥተው አስቀመጧትና እሷ እስክትነሳ ድረስ አብረዋት ተቀመጡ።

ልጃችን የተወለደችው ከዚያ በሁለተኛው ዓመት፣ በነሐሴ፣ ዝናቡ ሰሚትን ጭቃ ባደረገበት ሳምንት ነው። ሴት ናት። አዮ ስታቅፋት ማንን እንደምትመስል ለማንም አልተናገረችም። ብቻ ለሚስቴ፣ «አንቺ ተኚ፣ እኔ አለሁ» አለቻት።

ይህንን ታሪክ ለማንም ሳላወራ እኖር ነበር፤ ጋሼ ግን ሳይናገር አልቀረም። አልፎ አልፎ ወንዶች ይመጡብኛል። ባለፈው ጊዜ አንድ ሰውዬ ቪትዝ መኪናውን አቁሞ መከላከያው ተጭሯል አለኝ። ጎንበስ ብዬ ብፈልግ ጭረት የሚባል የለም። ሌላው ሰው ሁሉ እስኪርቅ ጠብቆ፣ «ያ የወሰድከው መድኃኒት ስሙ ማን ነው?» አለኝ።

ስሙን ነገርኩት። ግን ዶክተሩ ለእኔ ያሉትንም ነገርኩት። ሊረዳህ ይችላል፣ ላይረዳህም ይችላል፤ ራስህ ገዝተህ አትዋጥ፣ መጀመሪያ ተመርመር።

«ሚስቴ ተመርምራለች» አለኝ። «እሷ ምንም የለባትም አሉ።»

«አንተስ?»

መኪናውን አየ። «እኔ ሥራ በዝቶብኛል» አለ።

ወንበር አመጣሁለትና ተቀመጠ። ጨርቄን አጣጥፌ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስልኩን ተቀብዬ የክሊኒኩን ቁጥር ጻፍኩለት። «ስትሄድ አብራችሁ ሂዱ» አልኩት። እሺ አለ። ቁልፉን ይዞ ትንሽ ቆመና፣ «እኔም እንደምመረመር ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ለሚስቴ እነግራታለሁ» አለኝ።